ቀዩ መስመርና የካዛንቺስ ፈረሶች

ቡታጅራ ያሉ ጎረቤቶቼ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ደግሞ ልትሄዱ ነው? እዚያ ምን አለ?» ይሉኛል። እኔም «የባለቤቴ ስለት ነው» ብዬ እገላገላለሁ። ልጆቼ ግን ከኋላዬ «ፈረሶቹ ጋ ነው የምንሄደው!» እያሉ ያሳጡኛል። ፈረሶቹ የሚባሉት አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ ላይ በሞተር እየዞሩ የሚውሉ የፕላስቲክ ፈረሶች ናቸው። የጋሪ ፈረስ በዝቶ መንገድ መሻገር ከሚያስቸግርበት ከተማ ተነስቶ ልጆቹን ፈረስ ለማስቀመጥ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ አባት ለሰሚው ግራ ነው። ለእኔም ግራ ነበር። ዘንድሮ ስለገባኝ ሄዳችሁ ለማታዩት ለእናንተ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልጻፍላችሁ።

መነሻውን ላስቀድም። ከሰባት ዓመት በፊት ልጃችን ብሩክ የአራት ወር ሕፃን ሳለ ሳንባው ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባ። ባለቤቴ አስካለ አብራው እዚያው ከረመች። እኔና በዚያን ጊዜ አራት ዓመቷ የነበረው ትልቋ ልጃችን ትዕግስት መግቢያ ስናጣ፣ የአገራችን ልጅ የሆኑት እትዬ ዘይነባ ተቀበሉን። ላንቻ ውስጥ ትንሽ የቅመም ሱቅ አላቸው። ዘመዳችን አይደሉም፤ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም፤ ስማቸውን ሰጥቶ የላከን አንድ ጎረቤት ነው። አስካለ በዚያ ጭንቅ ቀን ሕፃኑን ሰማዕት ቅዱስ ቂርቆስን «ልጄን ማርልኝና በየዓመቱ በንግሥህ ጧፍ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ብሩክ ዳነ። ስለቱም ይኸው በየሐምሌው ያመላልሰናል።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ስለት ግን ነበር። ያን ሰሞን ትዕግስት «እማዬ» እያለች ስታለቅስ፣ እትዬ ዘይነባ ካዛንቺስ ወስደው ፈረስ ላይ አወጧትና «አይዞሽ፣ ፈረሱ ዞሮ ዞሮ ሲቆም ወንድምሽ ይድናል» አሏት። በማግስቱ ብሩክ ከኦክስጅን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ልጄ በየዓመቱ ፈረሱ ላይ ካልወጣች ወንድሟ ተመልሶ የሚታመም ይመስላት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትተነፍስ! ዘንድሮ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት፤ ቁመቷም ፈረስ ላይ ለመውጣት ከሚፈቀደው ቀይ መስመር አለፈ። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት በጉዞው ሦስተኛ ቀን ነው። እናንተ ግን ቀድማችሁ እወቁትና፣ ሳላውቅ ያጠፋሁትን እያያችሁ ታዘቡኝ።

ሐምሌ 18፣ ቅዳሜ

ጉዞው በጠብ ተጀመረ። እኔ አናጢ ነኝ፤ ሜትሬ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ጠፋ። አልጋ ሥር፣ መጋዝ ሥር፣ የዶሮ ቆጥ ድረስ ፈለግሁ። «ያለ ሜትር አዲስ አበባ አትገባም ተብሏል?» አለች አስካለ። እሷ ቀልድ ይመስላታል እንጂ፣ ያለ ሜትር ስወጣ ሱሪ ያልታጠቅሁ ነው የሚመስለኝ። አንድ ሰው ቡፌ አዝዞኝ ቀኑን እየቆጠረ ስለነበር ተናድጄ፣ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ልጆቼ እየሰሙኝ «ዘንድሮ የመጨረሻችን ነው! ቡታጅራም ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል» ብዬ ተናገርሁ። ትዕግስት ዞር ብላ አየችኝና ገባች።

ልብሷን ያየሁት መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ጉዞ የተገዛላትን አዲስ ጫማ ትታ፣ ተረከዙ ያለቀ ኮንጎ አድርጋለች። ፀጉሯን ከራስ ቅሏ ጋር አጣብቃ ተሠርታለች። «ምን ዓይነት ሥሪት ነው?» ብላት «ፋሽን ነው» አለችኝ። የፋሽን ነገር ስለማላውቅ ተውኋት። ቡኢ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ዳቦና ሙዝ ገዛሁ። ብሩክ የራሱን ጨርሶ የእኔን ሲያጋምስ እሷ ነክታ መለሰችው። ዓመት ሙሉ ከመሶቡ የማትነሳ ልጅ!

ጢያን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ዝናቡ ዶፍ ነው። ሹፌሩና ረዳቱ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ሲታገሉ፣ እኛ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጎጆ ጥግ ተኮለኮልን። የቤቱ ባለቤት ወጥተው «ግቡ እንጂ፣ ሰው ደጅ ቆሞ!» አሉና ያን ሁሉ መንገደኛ አስገቡ፤ ላሟ ተገፍታ ጥግ ያዘች። ብሩክ ላሟን ባየ ጊዜ ከእናቱ ጀርባ ተደበቀ። አምና የጋሪ ፈረስ ትከሻውን ነክሶት ነበርና ከዚያ ወዲህ አራት እግር ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራዋል። ካዛንቺስ ያሉት የፕላስቲክ ፈረሶች እንኳ ጥርሳቸው የተሳለ ነው ብሎ አይጠጋቸውም፤ የእሱ ነገር እዚያው የምትዞረው ትንሿ ባቡር ናት።

አዲስ አበባ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አውቶቡስ ተራ ወርደን፣ በሁለት ታክሲ ላንቻ ገባን። በእኛ አገር ጋሪ ላይ ሦስት ሰው ከተቀመጠ አራተኛው ይቅርታ ይጠይቃል። እዚህ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ! ፋዘር፣ ልጁን እቀፈው በቃ፣ አንድ ሰው ይገባል!» ይላል። ቢገባም ባይገባም ያስገባል።

እትዬ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው ደጅ ቆመው ጠበቁን። «አናጢው! ከሳህ፤ አስካለ አትመግብህም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝና ልጆቹን አገላብጠው ሳሙ። ማታ የቀረበው ዶሮ ወጥ ነው። ይህ ዶሮ ታሪክ አለው። እኛ በመጣን ቁጥር እትዬ ዘይነባ ዶሮውን በራሳቸው ገንዘብ ይገዙና፣ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ጋሽ ለገሠ ባርከው ያርዱታል፤ የጋሽ ለገሠ ባለቤት በራሳቸው ድስት ይሠሩታል። እሳቸው ከዚያ ወጥ አይቀምሱም። ሽሯቸውን ይዘው አጠገባችን ይቀመጡና «ጨምሩ» እያሉ ያበሉናል። ሰው የማይበላውን ምግብ በገዛ ቤቱ ለእንግዳ ሲያበላ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ትዕግስት አልበላም አለች።

«ጠግቤያለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ምነው የኔ እናት?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «በክርስቲያን እጅ ነው እኮ የታረደው። ወላሂ፣ ጋሽ ለገሠን ጠይቂያቸው።»

«አውቃለሁ። ጠግቤ ነው።»

አስካለ በእፍረት ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም ተቆጣሁ። «ትልቅ ሰው ደክሞ ያዘጋጀውን!» ስላት፣ «ትልቅ» የሚለው ቃል ላይ እንባዋ ዱብ አለ። እትዬ ዘይነባ «ተዋት፣ መንገድ አድክሟት ነው» አሉ፤ ግን ሻሻቸውን ሁለት ጊዜ ፈተው ሁለት ጊዜ አሰሩት። ቅር እንዳላቸው ታወቀኝ። እንደ ሁልጊዜው አልጋቸውን ለእኛ ለቀው፣ እሳቸው ሱቃቸው ውስጥ በቅመም ጆንያ መሐል ፍራሽ አነጠፉ። ሰውነቴ ደክሞ ሳለ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ አስቀይመናቸው ይሆን እያልሁ ተገላበጥሁ።

ሐምሌ 19፣ እሁድ

ቂርቆስ ደርሰን ሕዝቡን ማለፍ አቃተን። ቡታጅራ በንግሥ ቀን ሰው ሜዳ ላይ ተበትኖ ይቆማል። እዚህ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ስለሆኑ ሰው እንደ ውኃ በጠባቡ መንገድ ነው የሚፈስሰው። ታቦቱ ሲወጣ ዝናቡም አብሮ ወረደ። አንዲት የማናውቃቸው እናት ከቤታቸው ደጃፍ ጠርተው ልጆቹን በርጩማ ላይ አስቀመጡልን፤ የእኛን እግር ጭቃ አይተው ደግሞ ውኃ በጣሳ አመጡ። «የስለት ሰው ነው፣ ይታወቃል» አሉ። አስካለ ጧፏን አስገብታ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። የዓመቱን ሸክም አውርዳ የምትመጣው በዚያች ሰዓት ነው፤ ሳያት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከሰዓት እትዬ ዘይነባም ተጨምረው ወደ ካዛንቺስ ተነሳን። በእኛ አገር ለመውረድ የባለጋሪውን ትከሻ መታ ማድረግ ይበቃል። እዚህ «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮኽ ግድ ነው። ብሩክ ይህን ጩኸት ስለሚወደው ዓመት ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ፣ ካዛንቺስ ሳንደርስ ገና ባምቢስ ላይ «ወራጅ አለ!» ብሎ ለቀቀው። ሾፌሩ ቆመ። ወያላው በሩን ከፈተ። አፍረን ወረድን። የቀረውን መንገድ በሁለት ጃንጥላ አምስት ሰው ሆነን በእግራችን ተጓዝን። እትዬ ዘይነባ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ስንደርስ ፈረሶቹ በሸራ ተሸፍነዋል። ከሸራው ሥር አንድ የተላጠ ነጭ አፍንጫ ብቻ ይታያል። የፈረሶቹ ተቆጣጣሪ ጋሽ ተካ፣ ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው «ዛሬ አይዞርም፣ ሞተሩ ውኃ ገብቶታል። ነገ ኑ» አሉን።

«ነገማ አገራችን ነን» አልሁ።

ትዕግስት እጄን ያዘችኝ። አጥብቃ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። «አባዬ፣ ነገ ብቻ። አንድ ቀን ብቻ።»

«የመጨረሻችን ነው ብያለሁ። ቡፌ እየጠበቀኝ ነው።»

ያን ጊዜ ያለቀሰችው ልቅሶ የልጅ ልቅሶ አልነበረም። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይናጣል። እኔ እልህ ነው ብዬ ገመትሁ። የገዛ ልጄን ፊት ማንበብ የተሳነኝ ሰው፣ የእንጨት ዓይን በሩቁ አያለሁ እያልሁ ስመጻደቅ ኖሬያለሁ።

«አናጢው» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ «አንድ ቀን ቢጨመር ቡፌህ ክንፍ አውጥቶ አይበርም። ነገም የኔ እንግዶች ናችሁ፣ አለቀ።»

ማታ ትዕግስት የቀረበላትን ሳትነካው ተኛች። እትዬ ዘይነባ ሰሐኑን ራሳቸው አነሱት።

ሐምሌ 20፣ ሰኞ

ሰማዩ ጠራ። መጫወቻው ከረፋዱ ጀምሮ በቤተሰብ ተሞላ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቦታው ያን ያህል አይደለም። የቆርቆሮው ዝሆን ኩምቢው ላይ ቀለሙ ተልጧል። ባቡሯ ስትዞር እንደ ታመመ ሰው ታቃስታለች። ፈረሶቹን በባለሙያ ዓይን ካያችኋቸው ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ከዋንዛ ብቀርጻቸው ይሻሉ ነበር። ግን በየዓመቱ እዚያው የሚመጣው እኛ ብቻ አይደለንም። አንድ ኮት የለበሰ አባት ሦስት ልጆቹን በዝሆኑ ፊት ያቆምና፣ «አምና እንደቆማችሁት! አንተ በግራ ነበርክ እኮ!» እያለ ፎቶ ያነሳቸዋል። አንዲት እናት ሁልጊዜ ያቺው ዛፍ ሥር ሰሐናቸውን ይፈታሉ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከተቀመጠበት ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ ሌላ ዛፍ አይመርጡም። አዲስ ነገር የሚፈልግ የለም። ሁሉም አምና የተወውን ደህና ሆኖ አግኝቶ መሄድ ነው የሚፈልገው።

ወደ ፈረሶቹ መግቢያ ላይ አንድ የብረት ምሰሶ አለ። ምሰሶው ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። ፈረሶቹ ስላረጁ፣ ጭንቅላቱ ከመስመሩ በላይ የሆነ ልጅ አይወጣም። ትዕግስት ኮንጎዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሰልፍ ያዘች። ጉልበቷን ሰበር፣ አንገቷን ቀበር አድርጋለች። ተራዋ ደርሶ ምሰሶው ሥር ስትቆም ጋሽ ተካ ፈገግ አሉ።

«ቲጂ፣ አደግሽ አይደል? ቀና በይ እስቲ።»

«ቀና ብያለሁ።»

«ቀና በይ የኔ ልጅ።»

ቀና አለች። ሦስት ጣት አለፈች።

«አምና ነግሬሽ አልነበር? ከርሞ ትልቅ ሰው ነሽ አላልኩም?» አሉ፣ በሐዘኔታ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ልጅ የሆዷን ያወጣው ቀይ መስመር ነው። «ካልወጣሁ ብሩክ ይታመማል!» ብላ ጮኸች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ከመጀመሪያው የነገርኋችሁን ሁሉ እያለቀሰች ዘረገፈችው። ጋሽ ተካ አምና ከነገሯት ቀን ጀምሮ እንደምታውቅ፣ ዓመት ሙሉ ስትለካ እንደከረመች፣ ሰሞኑን ምግብ የተወችው ቁመት ላለመጨመር እንደሆነ። ቦርሳዋን ከፍታ ሜትሬን አውጥታ ሰጠችኝ። «አባዬ፣ ሰርቄህ አይደለም። ልለካበት ነው።» ሜትሩን ተቀብዬ ኪሴ ማስገባት አቃተኝ።

አስካለ ደረቷን ያዘች። «ለፕላስቲክ ፈረስ ስለት! አንቺ ልጅ፣ ምን አሳበሽ? ወንድምሽን ያዳነው ፈጣሪ ነው እኮ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «እኔ ነኝ ያልኳት። ለማባበል ነበር፣ በቃ... ልጅ ትረሳለች ብዬ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ በዚያው ቀን ረሳሁት።» ተንበርክከው ትዕግስትን አቀፏት። «ዶሮዬንም የተውሽው ለዚህ ነው?»

«ዶሮውን እወደዋለሁ እኮ» አለች ትዕግስት እየተንሰቀሰቀች። እትዬ ዘይነባ በሳቅና በልቅሶ መሐል ሆኑ።

ሰልፉ ቆሟል። ጋሽ ተካ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያካሉ። ሰውየው ጨካኝ አይደሉም፤ ፈረሱ ቢሰበር ልጅ ይወድቃል። እትዬ ዘይነባ እንባቸውን ጠርገው ተነሱና «ስለት መፈጸም አለበት» አሉ። «የተሳለው ሰው ካልቻለ፣ የተሳሉለት ያደርሰዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። እናንተስ ጋ?»

አስካለ አሰበች። ጧፏ ላይ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። «እኛም ጋ እንዲህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ የተሳለችልኝን ጃንጥላ ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ።»

ሁላችንም ወደ ብሩክ ዞርን። ብሩክ ባቡሯን እያየ ከረሜላ ይልሳል።

«እኔ?» አለ። «ይነክሳል!»

«አይነክስም፣ ፕላስቲክ ነው» አልሁት።

«ጥርስ አለው።»

ትዕግስት ፊቱ ቁጢጥ አለች። አልለመነችውም። «እኔም የመጀመሪያ ቀን ፈርቼ ነበር» ብቻ አለችው። «የነጩን አንገት ያዝ። እሱ ጥሩ ነው።» ብሩክ እህቱን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ ከረሜላውን ለእኔ አስያዘኝና ሄደ። ምሰሶው ሥር ሲቆም ከመስመሩ ብዙ ይቀረዋል። ጋሽ ተካ ራሳቸው አንስተው ነጩ ላይ አስቀመጡት።

ሞተሩ አጓራና ፈረሶቹ ተነቃነቁ። ብሩክ ዓይኑን ጨፍኖ የፈረሱን አንገት እንቅ አድርጎ ይዟል። ትዕግስት አጥሩን ይዛ ዙሩን በከንፈሯ ትቆጥራለች። እኔ በዚያ ሰዓት እሷን ነበር የማየው፤ ምን ያህል እንደረዘመች፣ ትከሻዋ ከአጥሩ በላይ መዋሉን። በየቀኑ ሳንቃ የምለካ ሰው አጠገቤ የሚያድገውን አላየሁም። ስድስተኛው ዙር ላይ ብሩክ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ስምንተኛው ላይ «ወራጅ የለም!» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ።

ፈረሱ ሲቆም ብሩክ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ መጣና እህቱ ፊት ቆመ።

«አሁን ዳንኩ?»

ትዕግስት ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች፣ እናቷ ትኩሳት እንደምታይ አድርጋ።

«ለዘንድሮ» አለችው።

የዚያን ቀን ማታ ትዕግስት ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ዶሮ ስላልነበረ ሽሮ ነበር፤ ከእትዬ ዘይነባ ሰሐን።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

እትዬ ዘይነባ ለመንገድ በርበሬና ሚጥሚጣ ቋጥረው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙን። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ «ከርሞ ኢንሻአላህ!» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔም «ኢንሻአላህ» አልሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ጢያ ላይ ጎማው አልፈነዳም። ቡኢ ላይ ትዕግስት የእኔን ሙዝ ጭምር በላች።

ቤት ደርሼ ቡፌውን ልጀምር ወርክሾፔን ስከፍት፣ ከበሩ ጀርባ እስከዛሬ ያላየሁትን ነገር አየሁ። በገዛ እርሳሴ አንድ ወፍራም መስመር ተሰምሯል፤ የካዛንቺሱ ቀይ መስመር ቁመት ነው። ከሥሩ ትናንሽ መስመሮች ወር በወር ወደ ላይ ይወጣሉ። የመጨረሻዋ ወፍራሙን ሦስት ጣት አልፋለች። አጠገቡ በልጅ እጅ «እኔ» የሚል ተጽፏል። መስመሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ተፍቃ እንደገና ተሰምራለች፤ ዝቅ ብላ ደግማ ስትለካ ይመስለኛል።

ከዚያ ብሩክን ጠርቼ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እንዲቆም አደረግሁ። ሜትሬን ሳወጣ ትዕግስት ከበሩ ደፍ ላይ ቆማ ታየናለች።

«አባዬ፣ ጫማውን አስወልቀው እንጂ» አለች።

አስወለቅሁት። ከሃያ ዓመት በላይ እንጨት ስሠራ ልኬት አሳስቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እርሳሱን ከልጁ ጭንቅላት ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ አሰመርሁ።